ከቆርቆሮ ጣሪያ ወደ ከርሰ ምድር፦ የሦስት ክረምት ልምዴ

ባሕር ዳር ያለው የግቢያችን የውኃ ጉድጓድ በእጅ የተቆፈረ፣ 11 ሜትር የሚጠልቅ ነው። ሚያዝያ ሲገባ ባልዲው ጭቃ ይዞ ይወጣ ነበር። ክረምት ላይ ደግሞ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ በተለሰነው ሲሚንቶ ላይ ተንደርድሮ መንገድ ላይ ይፈስሳል። ይህን ቆሜ ማየት አላስቻለኝም፤ የጣሪያውን ውኃ መሬት ውስጥ አስርጌ የውኃ ጉድጓዱን ለመመገብ ተነሣሁ።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። የእኛ ጣሪያ 80 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ 25 ሚሊ ሜትር በጣለ ቀን 2,000 ሊትር ያርፍበታል፤ የሚባክነው ቢቀነስ እንኳ 1,600 ሊትር ገደማ እጅ ይገባል።

በመጀመሪያው ክረምት ከአሸንዳው ቱቦ አውርጄ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ማስረጊያ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ውኃው አራት ቀን ሙሉ ቆመ። ለካ ገና መረሬው፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር ውስጥ ነበርኩ፤ መረሬ ሲረጥብ አብጦ ስንጥቁን ሁሉ ይደፍናል። ወባ ባለበት አገር ውኃ አቁሮ መተው ጎረቤትን መበደል ነውና ቀድቼ ደፋሁት።

በሁለተኛው ዓመት፣ ገና በበጋ፣ ወደ 3 ሜትር ስወርድ በእጅ የሚፈረፈር ቀይ ድንጋይ አገኘሁ። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሙሉ ውኃ ደፍቼ ሰዓት ያዝኩ፤ በ50 ደቂቃ ሰርጎ አለቀ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም! ከሥር ትልልቅ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ ደለደልኩበት።

አደራ የምላችሁ ነገር አለ፦ ቱቦውን በቀጥታ ወደምትጠጡት ጉድጓድ አትልቀቁት። ጣሪያ ላይ የወፍ ኩስ፣ አቧራና የበሰበሰ ቅጠል አለ። የእኔ ማስረጊያ ከውኃ ጉድጓዱ 15 ሜትር ይርቃል፤ ከመጸዳጃ ቤቱም በተቃራኒ ወገን ነው። የሰኔን የመጀመሪያ ዝናቦችም አላስገባም። ቱቦውን ነቅዬ ወደ ጎመኑ መደብ እመልሰዋለሁ።

ዘንድሮ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ውኃው መስረጉን አዘገየ። አሸዋውን ስጭር ላዩ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን፣ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ደለል ተጋግሮበታል። እሱን ገፍፌ አዲስ አሸዋ ስጨምር በዚያው ሌሊት ደረቀ። አሁን በየሦስት ሳምንቱ እጠርገዋለሁ።

ገመድ በየግማሽ ሜትሩ ቋጥሬ በውኃ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ውኃ ቅዳሜ ቅዳሜ እለካለሁ። ባለፈው ሚያዝያ፣ ባልዲው ጭቃ ብቻ ያወጣበት በነበረው ወር፣ ሁለት ቋጠሮ ሙሉ ረጥቦ ወጣ። ጉድጓዱ ከአካባቢው ዝናብም ስለሚጠጣ ሁሉም የጣሪያዬ ውኃ ነው አልልም። ለዚህ ነው የጎረቤቴን ጉድጓድም በተመሳሳይ ገመድ መለካት የጀመርኩት፤ እሳቸው ማስረጊያ የላቸውም።