ከኋላ ማን ይቀመጣል?

ጋራዣችን ዓለም ገና ነው። የቡታጅራና የጅማ መንገድ ከሚለያዩበት ትንሽ ገባ ይላል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተር ብስክሌት ላይ ገደብ ብታወጣም እዚህ ዳር ላይ ያለ ሞተር አይሆንም። አብዛኛው ሥራችን የሕንድ ሞተር ነው። ክላች፣ ካቴና፣ ፍሬን፣ አለቀ። አሮጌ የጃፓን ሞተር ከበር ሲገባ ግን ሁላችንም የያዝነውን ጥለን እንነሳለን።

ያን ቀን የገባችው ሆንዳ ሲቢ 350 ነበረች። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1973 የተመረተ ነው። ስሙ 350 ይበል እንጂ ሞተሩ 325 ሲሲ ነው፤ ሁለት ሲሊንደር። ያመጧት ጋሼ ሃምሳዎቹን የተሻገሩ ናቸው። ከአጎታቸው ነው የወረሷት። ስልካቸውን አወጡና ፎቶ አሳዩን። ጠፍጣፋ ቡናማ መቀመጫ፣ ዝቅ ያለ መሪ፣ ከኋላ ጭራዋ የተቆረጠ፣ ጭቃ መከላከያ የሚባል ነገር የሌላት።

«ልክ እንዲህ አድርጉልኝ» አሉ። «ከዚያ ባለቤቴን ይዤ ወሊሶ እወርዳለሁ።»

አለቃዬ ፎቶውን አየት አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። «እዚህ ፎቶ ላይ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ይታይሃል?» አለኝ ቀስ ብሎ።

እውነቱን ነው። ይሄ ስታይል ካፌ ሬሰር ይባላል። እንግሊዝ አገር በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከካፌ ካፌ ይሽቀዳደሙ የነበሩ ወጣቶች ያመጡት ነው። ለፍጥነት ሲሉ የማያስፈልጋቸውን ሁሉ ነቅለው ይጥሉ ነበር። ብቻውን ለሚጋልብ ሰው የተፈጠረ ነገር ነው። ወሊሶ ደግሞ ከእኛ ጋ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ቀጭን መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ቱሉ ቦሎ የደረሰ ሰው ትዳሩን እንደገና ቢያስብበት አልፈርድበትም።

አለቃዬ ግን ደንበኛ ላይ «አይሆንም» ማለት አይወድም። «ጋሼ፣ ነገ እትዬን ይዘዋቸው ይምጡ፣ እንለካቸዋለን» አላቸው። ጋሼ ሳቁ። መቀመጫ የሚሰፋልን ሽማግሌ ግን አልሳቀም። «ሱፍ ሲሰፋ ሰውየው ሳይመጣ ይቆረጣል እንዴ?» አለና ወደ ስፖንጁ ተመለሰ።

እትዬ በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መጡ። ቀሚስና ነጠላ ለብሰዋል። ሽማግሌው ባዶው ሻሲ ላይ ጣውላ አሰረ፣ ስፖንጅ ደረበበት፣ «ይቀመጡ» አላቸው። እትዬ እግራቸውን ወደ ግራ አድርገው በጎን ተቀመጡ። አለቃዬ እግር ከፍቶ መቀመጥ እንደሚሻል፣ ሚዛን እንደሚጠብቅ ነገራቸው።

«በዚህ ቀሚስ?» አሉት። እሱም ዝም አለ።

እግራቸው ማረፊያ አጥቶ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ ሊያርፍ ሲል ሽማግሌው በእጁ ያዘላቸው። ሞተሩ ቢሞቅ ጫማቸው ይቀልጥ ነበር። ጋሼ መሪውን ያዙ፣ እኛ ከኋላ ገፋናት። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ግቢው ውስጥ ነው፣ ቀስ ብለን ነው። ጥቂት እርምጃ እንደሄድን ሽማግሌው «ቁም!» ብሎ ጮኸ። የነጠላው ጫፍ ካቴናው ውስጥ ገብቷል። ጥለቱ ከኋላው ጥርስ ጋር ተጠምጥሞ ግሪስ በግሪስ ሆኗል። እትዬ ነጠላውን ቶሎ ከትከሻቸው ጣሉትና ወረዱ።

«ሞተሩ ተነስቶ ቢሆን ኖሮስ?» አሉ ባለቤታቸውን እያዩ። ጋሼ መልስ አልነበራቸውም። ማናችንም አልነበረንም።

እዚህ ላይ ስለ ጥጉ ክምር ልናገር። ሕንድ አገር የሚሸጥ ሞተር የኋላ ተሳፋሪ የሚይዘው እጀታ፣ የእግር ማረፊያ፣ ደግሞም ቢያንስ የኋላ ጎማውን ግማሽ የሚሸፍን መከላከያ እንዲኖረው ሕጋቸው ያስገድዳል። በጎን የምትቀመጥ ሴት ሳሪዋ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ነው። እኛ ጋ የሚመጡ የሕንድ ሞተሮች ብዙዎቹ ይህን ብረት ይዘው ይመጣሉ። ወጣት ደንበኞቻችን ደግሞ ገዝተው በሳምንቱ «ስታይሉን ያበላሻል» ብለው ያስነቅሉታል። የተነቀለው ሁሉ ለቁራሌው ተብሎ ጥግ ላይ ይከመራል። ሳሪ ይሁን ነጠላ፣ ለካቴና ያው ጨርቅ ነው።

አለቃዬ ከክምሩ ደህናውን መረጠ። እንዳለ አልገጠመውም፤ ያንን ብናደርግ ጋሼ ሞተራቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር። ቀጠን ባለ ቱቦላሬ አዲስ ሠራ፣ ቅርጹን ከሻሲው መስመር ጋር አስተካከለው፣ ጥቁር ቀባው። ሲያልቅ አብሯት የተወለደ እንጂ የተጨመረ አይመስልም ነበር። ከሥሩ ሁለት እግር የሚያሳርፍ ጠፍጣፋ ብረት አለው። ማርሚታው ላይም የሙቀት መከላከያ ላሜራ ታሰረ።

ከባዱ ሥራ የእግር ማረፊያው ነበር። የድሮው ማረፊያ የኋላ ጎማውን በሚይዘው ሹካ ላይ ነው የተሠራው። ሹካው ከጎማው ጋር ይነሳል፣ ይወድቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጉድጓድ ሞላው ሳያበርደው በቀጥታ እግር ላይ ይደርሳል። ወደ ሻሲው አዛወርነው። መቀመጫውንም ጋሼ እንደፈለጉት አላሳጠርነውም። የተሳፋሪው ዳሌ ከኋላ ጎማው መሃል ወደ ፊት መሆን አለበት። ወደ ኋላ ካለፈ የፊቱ ጎማ ይቀልላል፣ መሪውም ይዋልላል።

ስፖንጁ ላይ ሽማግሌውን ማንም አይከራከረውም። ለስላሳው ሲቀመጡበት ደስ ይላል፣ ጥቂት ሲጓዙ ግን ይሟሽሽና ሰውየው ጣውላው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከታች ጠንካራውን፣ ከላይ ስስ ለስላሳ አደረገ። ቡናማ ሌዘር አለበሰው፣ ስፌቱን በፎቶው ላይ እንዳለው ዘረዘረው። መሪው በመጠኑ ዝቅ አለ። ቀለሙም አማረ፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም።

ሊወስዷት ሲመጡ አለቃዬ የኋላውን ሞላ እንዴት እንደሚያጠብቁ አሳያቸው። ሁለት ሰው ሲጫን የኋላ ጎማው አየር መጨመር አለበት። መብራቱም ዝቅ መደረግ አለበት፤ ኋላዋ ሲከብድ አፍንጫዋ ቀና ይልና መብራቱ የዛፍ ጫፍ ያያል። ጋሼ ይሰማሉ፣ ዓይናቸው ግን የኋላው መቀመጫ ላይ ነው።

«ፎቶው ላይ እኮ ከኋላ ጉብ ያለች ነገር ነበረች» አሉ በመጨረሻ።

ሽማግሌው ይህንን ጠብቆ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ጉብታ ያለው የላሜራ ክዳን አወጣ። የኋላው መቀመጫ ላይ ይገጠማል፣ በሁለት ቡሎን ይታሰራል፤ ሞተሯም የአንድ ሰው ትመስላለች። ጋሼ ልጅ ሆኑ። ዙሪያዋን እየዞሩ ፎቶ አነሷት።

እትዬ ፎቶው እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ ክዳኑን አስፈቱ፣ ሁለቱን ቡሎኖች በሶፍት ጠቀለሉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ብቻህን መሄድ ስትፈልግ ትጠይቀኛለህ» አሉና በጎን ተቀመጡ።