ሆም ፕሌቱ ያለው ሆስፒታል ውስጥ ነው

ለዓመታት ቤዝቦል ማለት ለእኔ የተዘጋ መንገድ ነበር። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እነዳለሁ፤ የከተማው ቡድን ናሽናልስ በሚጫወቱበት ቀን ስታዲየማቸው ወዳለበት ወደ ኔቪ ያርድ ከገባህ አለቀልህ። በፈረንጆቹ 2019 ዋንጫ ወስደው ከተማው ሲቀወጥ፣ ምን እንደተፈጠረ የሰማሁት ከተሳፋሪ ነው። አፈርኩ። ቡድኑን ላጠና ወሰንኩ።

በሕጉና በቁጥሩ ጀመርኩ። ተሳስቻለሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ራሴ ዞረና ተውኩት።

ያዳነኝ ከዩ ስትሪት ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያደረስኩት ሽማግሌ ነው። «ይሄ እኮ ስታዲየም ነበር» አለኝ። እንጀራ ከምንበላበት ከዘጠነኛው መንገድ በእግር የሚደረስበት ቦታ! ስንት በሽተኛ ጠይቄበታለሁ። ሌላ ቀን ገብቼ ፈለግኩት። ሆም ፕሌቱ፣ ማለትም ኳስ መቺው አጠገቡ የሚቆመው ነጭ ሰሌዳ፣ የነበረበት ቦታ ወለሉ ላይ ምልክት አለው፤ ሰው ረግጦት ያልፋል።

ግሪፊዝ ስታዲየም ይባል ነበር። የያኔው የከተማው ቡድን ሰናተርስ በ1924 ዋንጫ የበሉት እዚያ ነው። ጥቁሮች ከትልቁ ሊግ በታገዱበት ዘመን የጥቁሮቹ ቡድን የሆምስቴድ ግሬይስ ኮከብ ጆሽ ጊብሰንም እዚያ ተጫውቷል። ዛሬ ሐውልቱ በናሽናልስ ስታዲየም ቆሟል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመከዳት ነው። ሰናተርስ ከ1960 በኋላ ወደ ሚኒሶታ ሄዱ። በምትካቸው የተቋቋሙት ሁለተኛዎቹ ሰናተርስም በ1971 ወደ ቴክሳስ ነጎዱ። በመጨረሻው ጨዋታ 7 ለ5 እየመሩ፣ ሊያልቅ አንድ አውት (አንድ ተጋጣሚ ማስወጣት) ብቻ ሲቀር የተናደደ ደጋፊ ሜዳውን ወረረው። በፎርፌ ተሸነፉ። እኔ ብሆንም እገባ ነበር።

ከተማዋ እስከ 2005 ቡድን አልነበራትም። የመጣላትም ከካናዳ የሞንትሪያል ኤክስፖስ ነው፤ ናሽናልስ የተባለው እሱ ነው። ኮፍያው ላይ ያለው ጥምዝ ደብልዩ ግን የሁለተኛዎቹ ሰናተርስ ነው። እንግዳውን ቡድን የከተማው ልጅ ያደረገው ያ ፊደል ይመስለኛል።

አሁን ተሳፋሪን ስለ ውጤት አልጠይቅም። «አባትህ የማን ደጋፊ ነበር?» ነው የምለው። ከዚያ በኋላ ቆመን እንኳ ወሬው አያልቅም።

ኢንፊልድ ፍላይ የሚሉት ሕግ ግን እስካሁን አልገባኝም። ሦስት ሰው አስረድቶኛል፤ ሦስቱም የነገሩኝ የተለያየ ነው።