ከሙዝ ወደ አፄ ቴዎድሮስ ጸጉር፦ የዲኤንኤ ትምህርቴ የት ደረሰ?

ዲኤንኤን ከሙዝ የማውጣቱን ሙከራ ያልሞከራችሁ ሞክሩት። ላብራቶሪ አያስፈልግም፤ እኔ እዚሁ ጎንደር ኩሽና ውስጥ ነው የሠራሁት። የተፈጨ ሙዝ፣ ጨው፣ ላርጎ፣ በደንብ የቀዘቀዘ የፋርማሲ አልኮል። ሳሙናው የሕዋሱን ሽፋን ያፈርሰዋል፤ አልኮሉ ሲገባ ነጭ ዝልግልግ ነገር (ዲኤንኤው) ወደ ላይ ይወጣል። በአረቄ አትልፉ፣ ጥንካሬው አይበቃም።

ደስ ይላል፤ ግን ያ ነጭ ነገር የማን እንደሆነ በዓይን አይለይም። ስለዚህ አሁን የያዝኩት ኤስቲአርን (የሚደጋገሙ አጫጭር የዲኤንኤ ክፍሎችን) ነው። አብዛኛው ዲኤንኤያችን ከሰው ሰው አይለይም። የወንጀል መርማሪዎች የሚያዩት የሚደጋገሙ አጫጭር ክፍሎችን ነው። አንዷ ቁራጭ እዚህ ቦታ ላይ ስንት ጊዜ ተደጋገመች? ከእናት 8፣ ከአባት 11 ከወረስክ «8፣ 11» ተብሎ ይጻፋል። በአንድ ቦታ መመሳሰል ምንም አይደለም፣ ብዙ ሰው ይጋራዋል። የአሜሪካው የወንጀል ምርመራ ዲኤንኤ መረጃ ቋት፣ ኮዲስ፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 20 ቦታዎችን ያያል። ሁሉም ላይ ከገጠመ፣ ተመሳሳይ መንታ ከሌለህ በቀር፣ ማምለጫ የለም።

ማራኪ ሰፈር አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ከጓደኛዬ ጋር ለመለማመጃ የፈጠርናቸውን የምርመራ ውጤቶች በወረቀት እናመሳክራለን። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ቁጥር ካያችሁ፣ ናሙናው የሁለት ሰው ቅልቅል ሳይሆን አይቀርም። ይሄ ነው አናት የሚያዞረው። በነገራችን ላይ፣ እንግሊዝ ውስጥ በ1986 እ.ኤ.አ. የዲኤንኤ ምርመራ በወንጀል ጉዳይ መጀመሪያ ያደረገው ገዳይ መያዝ አልነበረም፤ «ገድያለሁ» ብሎ ያመነን ወጣት ነጻ ማውጣት ነው።

ቀጥሎ ጸጉር መጣ። ሥር የሌለው ጸጉር ለተለመደው የኤስቲአር ምርመራ ብዙም አይመችም፤ የሚሻለው ከእናት ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ (የሕዋሱ ኃይል አመንጪ ክፍል) ዲኤንኤ ነው። እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ ጸጉር ሲባል በ2019 እ.ኤ.አ. ከለንደን የተመለሰውን የአፄ ቴዎድሮስን ጸጉር እናስባለን። ዊንዘር ከተቀበረው ከልዑል ዓለማየሁ ጋር ቢመሳከርስ? በማይቶኮንድሪያ ከሆነ ምንም አይነግረንም! ልጁ የወረሰው የእናቱን የእቴጌ ጥሩወርቅን ነው። እሳቸው የደጃዝማች ውቤ ልጅ ቢሆኑም የውቤ ዘመዶችም አይጠቅሙም፤ የእቴጌዋ የእናታቸው የሴት ሐረግ ነው የሚፈለገው።

ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞም ነው፤ ቀጥሎ የምገባው እዚያ ነው። ዋይ-ኤስቲአር ላይ መለማመጃ ያላችሁ ወዲህ በሉ።