በርበሬ ይዤ የወለድኩ ለታ

ባለፈው ሳምንት ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ልጄን ክርስትና አስነሳናት፣ ድግሱ ላይ ዶሮ ወጡን የቀመሰ ሁሉ ባሌን እያየ "ይሄ በርበሬ ማዋለጃ ክፍል ገብቶ የወጣው ነው?" እያለ ሲስቅበት ዋለ። እሱ ተናዷል፣ እኔ ግን በቃ ልጻፈው አልኩ። በአንድ እጄ እያጠባሁ ነው የምጽፈው፣ የፊደል ስህተት ካለ እለፉኝ።

ነገሩ የጀመረው ክትትል የማደርግበት ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ወንበሯ ለአራት ሰው የተሠራች ናት፣ ሰባት እርጉዝ ትይዛለች፣ አንዷ ለመነሳት ስትንቀሳቀስ ሌሎቻችን አብረን እንነሳለን። እኔ የመጀመሪያዬ ነው፣ ምንም አላውቅም፣ ተራ እስኪደርሰኝ ስልኬ ላይ ማስታወሻ ከፈትኩና "እናንተ፣ ለልጅ ምን ምን ነው የሚገዛው?" አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው።

አንዷ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ጓንት፣ ሁሉንም ስድስት ስድስት አለችኝ። አጠገቧ ያለችው ጓንት ምን ያደርጋል፣ ፊቱን እንዳይቧጭር ካልሲውን እጁ ላይ ታጠልቂለታለሽ አለች፣ ሁለቱ ተኮራረፉ። ሌላዋ ጡጦ፣ የጡጦ መቀቀያ፣ የጡጦ ብሩሽ፣ የጡት ፓምፕ፣ ሳፋ ከነወንበሩ። ደሞ ዱባይ እህት ያለቻት አለች፣ እሷማ የምትጠራቸውን ዕቃዎች ግማሹን እንዴት እንደሚጻፉም አላውቅ፣ ልጁ ሲያለቅስ ስልክሽ ላይ የሚደውል ካሜራ ሳይቀር ግዢ አለችኝ። የኛ ቤት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ነው፣ ልጅ ቢያስነጥስ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው በሙሉ "ይማርህ" ይላል፣ ካሜራ ለምኔ። ግን ጻፍኩት።

ጥግ ላይ ቆሎ የምትቆረጥም፣ ሦስተኛዋን ያረገዘች ሴት ነበረች። ቆሎዋን ውጣ ስትጨርስ "ሁለት ሦስት የጥጥ ልብስ፣ አንድ ኮፍያ፣ አንድ ማድረቂያ አንድ መጠቅለያ ንፁህ ጨርቅ፣ ዳይፐር፣ ለራስሽ ሞዴስ። ስድስት ወር ድረስ ጡት ብቻ ነው፣ ውሃም አይቀምስ፣ ጡጦውን ለማን ነው? ገላውንም ቢሆን 24 ሰዓት ሳይሞላው አታጥቢውም፣ ሳፋው ምን አስቸኮለሽ?" አለችኝና ወደ ቆሎዋ ተመለሰች። ውስጥ ስገባ ሲስተሯም ያለችኝ ቃል በቃል ያንኑ ነው፣ እሷ የጨመረችው "ቅቤ እንዳታውጡት" የምትለዋን ብቻ ነው። እኔ ግን የአምስት መስመሩን ትቼ የአርባ ሰባቱን ይዤ መርካቶ ወረድኩ።

አብረውኝ የወረዱት ከጎናችን ያሉት እትዬ ናቸው። እትዬ ክርክር ላይ አንደኛ ናቸው፣ ነጋዴው ዋጋ ሲጠራ መልስ አይሰጡም፣ ነጠላቸውን አስተካክለው መንገድ ይጀምራሉ፣ እሱ ራሱ እየተጣራ ይቀንሳል። ስንቱን እንዳወጣሁ አልጽፍም፣ ባሌ ያነባል። ዕቃው በፌስታል አልችል ሲል ያቺን ሰማያዊና ቀይ መስመር ያላትን ዚፓም የሸራ ቦርሳ ገዛሁ፣ እትዬም አይተው ወደዷትና ለራሳቸው አንድ ጨመሩ። ያው መጠን፣ ያው ቀለም። በዛን ሰዓት ጥሩ ሐሳብ ነበር የመሰለን።

አሁን ችግሩ አማቴ ናቸው። እሳቸው ልጅ ሳይወለድ ልብስ አይገዛም ባይ ናቸው፣ ሟርት ነው፣ "ማርያም በሰላም ትገላግልሽ እንጂ ልብስ የትም አይሄድም" ይላሉ፣ ደሞ እሁድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ እኛ ጋ ጎራ ይላሉ፣ ቁም ሳጥንም ይከፍታሉ። ስለዚህ ቦርሳዬ እትዬ ቤት ተደበቀች።

ህዳር 12 መጣ። አዲስ አበባ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ህዳር ሲታጠን ከተማው በሙሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል፣ በ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ ሰው ከጨረሰ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው ይባላል። እኛ ፎቅ ላይ ጭሱ በመስኮት ገብቶ ባሌ አፍንጫው ተደፈነ፣ ዓይኑ ቀላ፣ በግ መሰለ። እትዬ ደሞ በርበሬያቸውን ቀንጥሰው፣ ወቅጠው፣ በኮሪደሩ አስጥተው አድርቀው፣ በሶብላውን፣ ኮረሪማውን፣ ጦስኙን ጨምረው ጨርሰዋል፣ ግን ሚካኤል ስለሆነ ነገ ነው የማስፈጨው ብለው በዛችው ቦርሳቸው አድርገው በር ላይ አስቀመጡት። ይሄንን እኔ አላውቅም።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጀመረኝ። መብራት የለም። ባሌ ሱሪውን ገልብጦ ለብሶ እትዬን ቀሰቀሰ፣ እሳቸው ከእንቅልፋቸው ሳይወጡ "ከበሩ ኋላ ያለችውን ውሰድ" አሉት፣ እሱ "በሩ ጋ ያለችውን" ሰማ። አራት ፎቅ እኔን በአንድ እጁ ቦርሳዋን በሌላ እጁ ይዞ ሲያወርደኝ "ምን አጭቀሽበት ነው እንዲህ የሚንኮሻኮሸው?" አለኝ፣ እኔ ምጥ ላይ ነኝ፣ ዳይፐር ይሆናል አልኩት።

ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ ማስነጠስ ጀመረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። "ይማርህ" እያልን ደከመን። "ዛሬ ህዳር ታጥኖ ነው" አለ ሰውየው ዓይኑን እየጠረገ። ባሌ፣ አፍንጫው የተደፈነው ባሌ፣ ጉንፋን ያስተላልፍብናል ብሎ ከኪሱ ማስክ አውጥቶ አደረገልኝና መስኮቱን ሁሉ ከፈተው፣ በህዳር ብርድ በሌሊት። ቦርሳዋ ጭኑ ላይ ናት እኮ! የዚፑ ጫፍ ትንሽ ክፍት ስለነበር ወንበሩ በሙሉ በርበሬ ሆኖ ተገኘ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ፈቃድ ነው አይደል፣ ባሌ የመጀመሪያዋን ቀን የሰው መኪና ሲያጥብ ዋለ።

ማዋለጃ ክፍል ገባሁ፣ ሰዓቱ አይሄድም፣ ነጋ። ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ አዋላጇ "በሉ የልጁን ልብስና መጠቅለያውን አዘጋጁ" አለችና ባሌ ከውጪ አቀበላት። ልጅቷ ቸኩላለች፣ ዚፑን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ሳበችው።

ምጥ ይዟችሁ አስነጥሳችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩት። እኔ አስነጠስኩ፣ አዋላጇ ስድስት ጊዜ አከታተለች፣ ተለማማጇ ፊቷን ሸፍና ወጣች፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት ሁለት ሴቶች ምጣቸውን አቋርጠው ያስነጥሳሉ፣ ሁሉም "ይማርሽ! ይማርሽ!" ይባባላል፣ ኮሪደር ላይ የተቀመጡ ቤተሰቦች "ይማርሽ" የሚለውን ሰምተው ወለደች ብለው "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያሉ ባሌን መሳም ጀመሩ። አዋላጇ ስትረጋጋ በሶብላውን በሁለት ጣቷ አንስታ አየችውና "ሽንኩርቱስ የታለ?" አለችኝ።

ከመጋረጃው ወዲያ አንዷ ሳቀች። ድምጿን አወቅኩት። የቆሎዋ ሴትዮ! እሷ የመጣችው አንዲት ጥቁር ፌስታል ይዛ ነው፣ በቃ አንዲት ፌስታል፣ ከሷ ላይ ሁለት ዳይፐርና ሞዴስ አውጥታ በመጋረጃው ስር ላከችልኝ። አርባ ሰባቱንስ የት አደረስሽው እንኳ አላለችኝም።

3 ሰዓት ላይ ልጄ መጣች። 3 ኪሎ ከ400። አድርቀው ራቁቷን ደረቴ ላይ አስተኟት፣ ከላይ የሆስፒታሉን አንሶላ ደረቡልን፣ ለካ ያን ሰዓት ልብስ የሚባል ነገር አይፈለግም። ግን ያው ኋላ መልበሷ አይቀርም፣ ባሌ ተነስቶ ወደ ጀሞ ሊሮጥ ሲል አማቴ ከች አሉ። እልል ብለው ግንባሬን ስመው ሲያበቁ "ልብሷስ?" አሉ። ዝም። ባሌ ጣሪያ ያያል። እሳቸው ዘወር አሉና ከነጠላቸው ስር አንድ ትንሽ ጥቅል አወጡ፣ ሲፈቱት የናፍታሊን ሽታ ክፍሉን ሞላው፣ በእጅ የተሠራች ነጭ የሹራብ ኮፍያ፣ እግር ሹራብ፣ ቢጫ ቀሚስ መሳይ ሸሚዝና ተተኩሳ የታጠፈች መጠቅለያ። የባሌ ናት። ሠላሳ አራት ዓመት ሳጥን ውስጥ የቆየች፣ ለዛሬ ታጥባ የተዘጋጀች።

"እማዬ፣ ሳይወለድ ልብስ አይዘጋጅም ያልሽው አንቺ አይደለሽ?" አላቸው ባሌ።

"አይገዛም ነው ያልኩት። እኔ መች ገዛሁ? ያለ ነው።"

ይሄንን የሚከራከር ጠበቃ ካለ ይምጣ። ልጄ የአባቷን ኮፍያ እንዳጠለቀች አስነጠሰች፣ ሁለቴ። እኔ ደነገጥኩ፣ አዋላጇ አራስ ልጅ አፍንጫውን ለማጽዳት ያስነጥሳል፣ ጤነኛ ነው አለችኝ፣ ባሌ ግን እስካሁን በርበሬው ነው ይላል፣ እኔ ናፍታሊኑ ነው ባይ ነኝ።

አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፣ እትዬ ናቸው። ከኋላ የወፍጮ ጩኸት አለ፣ እሳቸውም ይጮኻሉ። ለካ ጠዋት ሲነሱ አንዷ ቦርሳ ሄዳለች፣ የቀረችዋ የኔ ናት ብለው ሳይከፍቱ ለልጃቸው አሸክመው ወፍጮ ቤት ሄደዋል፣ ሰልፍ ይዘው ተራቸው ሲደርስ ሚዛን ላይ ወጥታ፣ ባለወፍጮው "ስምንት ኪሎ" ብሎ ጽፎ፣ ወደ ማፍሰሻው ሊዘረግፍ ሲል ስድስት ኮፍያ፣ ስድስት ጥንድ ጓንትና የጡት ፓምፕ ወረደለት። ሰውየው ፓምፑን ይዞ "ይሄ ይላማል ወይስ ይሸረከታል?" አላቸው አሉ።

"ወለድሽ ወይ?" አሉኝ።

"ወለድኩ እትዬ!"

"እልል! በይ ቶሎ ንገሪኝ፣ ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ እኔን እየጠበቁ ነው፣ ሰባት ነው ሦስት?"

"ሴት ናት፣ ሦስት ነው።"

ስልኩን ከፍ አድርገው ያዙት። ወፍጮው ቆመ። ከዛ ጀመሩ፣ እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ፣ ሦስት አለፈ፣ ሰባትም አለፈ፣ አስራ አንድ ላይ ደርሰው አንዷ አስነጠሰችና ቆመ።