የሚረዳኝን የሥነ ልቦና ባለሙያ ያገኘሁበት መንገድ

የሥነ ልቦና ባለሙያ እንድፈልግ ያስገደደኝ እንቅልፍ ማጣት ነው። ሌሊቱን ዐይኔን አፍጥጬ አነጋለሁ፤ ቀን ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ልቤ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ስወለድ ወንድ ተብዬ ተመዝግቤአለሁ፤ ሴት ነኝ፤ እንደ እኔ ያለ ሰው ትራንስጀንደር፣ ባጭሩ ትራንስ፣ ይባላል። ይህን ከተቀበልኩት ቆይቻለሁ፤ ማንም እንዲፈታልኝ የምፈልገው እንቆቅልሽ አልነበረም። የምፈልገው መተኛት፣ ሰው መሃል ያለ ፍርሃት መቀመጥ፣ የቤተሰቤን ኩርፊያ ችዬ መኖር ነበር።

መጀመሪያ ያገኘኋቸው ባለሙያ ጨዋ ሰው ነበሩ። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፣ ክፉ ቃልም አይወጣቸውም። ጥያቄያቸው ሁሉ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብል ነበር። አባቴ ምን ያህል ቤት ይውል እንደነበር፣ በልጅነቴ ከማን ጋር እጫወት እንደነበር፣ ስሜቱ መቼ እንደጀመረኝ ደጋግመው ይጠይቃሉ። የእንቅልፉን ነገር ሳነሳ «ሥሩን ካገኘነው እንቅልፉ በራሱ ይመለሳል» ይሉኛል። ሥር የሚሉት ማንነቴን ነበር። ቢሰድቡኝ ወዲያው ተነስቼ እወጣ ነበር፤ በትሕትና የሚደረግ ጫና ግን ሰውን ራሱን ያስጠረጥረዋል። ከቀጠሮው በመጣሁ ቁጥር ይበልጥ ደክሜ፣ ይበልጥ ተሸማቅቄ እገባለሁ።

እዚያ መሄድ ካቆምኩ በኋላ ሌላ ሰው ከመፈለጌ በፊት ሙያው ራሱ ስለ እኔ መሰል ሰዎች ምን እንደሚል ማንበብ ጀመርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የጾታ አለመጣጣምን፣ ማለትም የሰው ማንነት ሲወለድ ከተመዘገበለት ጾታ ጋር አለመገጣጠሙን፣ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ ከጾታዊ ጤና ጋር በተያያዙ ሁኔታዎች ውስጥ አስገብቶታል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ከትራንስጀንደር ሰዎች ጋር ለሚሠሩ ባለሙያዎች መመሪያ አውጥቷል፤ በ2021 ደግሞ የሰውን የጾታ ማንነት ለመለወጥ የሚደረግ ሙከራ ጎጂ ነው ብሎ በይፋ ተቃውሞታል። ማልታ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዲህ ያለውን ሙከራ በሕግ ከልክላለች፤ ካናዳ በ2022 ተከትላታለች። ይህን ካነበብኩ በኋላ በባለሙያ ፊት የምቀመጥበት አኳኋን ተለወጠ። «ይህ የሚድን በሽታ ነው» የሚለኝ ሰው የግል አስተያየቱን ቢናገር መብቱ ነው፤ እንደ ሙያ ግን ሙያው ጥሎት ሄዷል።

ፍለጋውን እንደገና ስጀምር ከሁሉ በፊት ያሰብኩት ስለ ደኅንነቴ ነው። ሕጉ ወይም ማኅበረሰቡ ትራንስጀንደር ሰዎችን በሚያሳድድበት ቦታ ለሚኖር ሰው ይህ ከማንኛውም ነገር ይቀድማል። ለፍለጋው ብቻ የሚያገለግል ሌላ የኢሜይል አድራሻ ከፈትኩ፤ ከሌላ ሰው ጋር በምጋራው ኮምፒውተር ላይ ምንም አልፈለግሁም። ስደውል መጀመሪያ የምጠይቀው «ለአንድ ወዳጄ ነው» ብዬ ነበር። የመልሱ ቃና ራሱ ብዙ ይናገራል። ቀጥዬ ምስጢር የሚጠበቀው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ የሚነገሩት ልዩ ሁኔታዎች የታወቁ ናቸው፦ የደንበኛው ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ በልጅ ላይ ጥቃት ሲፈጸም፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ። እነዚህን ሳያቅማማና ሳይሸፋፍን የሚዘረዝርልኝን ባለሙያ አከብራለሁ። ማስታወሻው የት ይቀመጣል? ደረሰኙ ላይ ምን ይጻፋል? ስልክ ስትደውሉልኝ ሌላ ሰው ቢያነሳው ምን ትላላችሁ? ከቤተሰቤ አንዱ መጥቶ ቢጠይቅስ? በዚህ ጥያቄ የሚናደድ ባለሙያ ምስጢሬን እንዲይዝ አልሰጠውም።

ስሞችን ያገኘሁት በአብዛኛው ከሌሎች ትራንስ ሰዎች ነው። ከእነሱ ስም ብቻ መቀበል አይበቃም፤ ለምን እንደወደዷቸው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለአንዱ የተስማማ ዝምተኛ ባለሙያ ለሌላው ግድግዳ ሊሆን ይችላልና። የባለሙያዎች ማውጫዎችንም አይቻለሁ። ድብርት፣ ሱስ፣ ጋብቻ፣ የልጆች አስተዳደግ፣ ትራንስጀንደር እያሉ ያለውን ሁሉ እንደ ሙያቸው የሚዘረዝሩትን አለፍኳቸው። በራሳቸው ቃል፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር እንኳን ቢሆን፣ ከትራንስ ሰዎች ጋር ምን እንደሠሩ የጻፉትን ለየሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የስልክ ነው። ብዙ ባለሙያዎች ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ያለ ክፍያ ለጥቂት ደቂቃ ያነጋግራሉ፤ እኔም ያንን ጊዜ የምጠየቅበት ሳይሆን የምጠይቅበት አደረግሁት። «ትራንስ ሰዎችን ይቀበላሉ?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አልጠቀመኝም፤ አይ የሚል ጥቂት ነው። «እኔ ሰውን ሁሉ እኩል ነው የማየው» የሚል መልስም ሰምቻለሁ። የተባለው በቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ያ ሰው፣ ልዩ የሆነ ሸክም ይዤ ብመጣ፣ ምን እንደሚያደርግ አይነግረኝም።

የጠቀመኝ ጥያቄ ሌላ ነው፦ «አብረን ብንሠራ፣ ሕክምናው ተሳካ የሚባለው ምን ሲሆን ነው?»

አንዱ ባለሙያ «ከራስዎ ጋር ሲታረቁ» አሉኝ። ደስ የሚል አነጋገር ነው። እንዴት እንደሆነ እንዲያብራሩልኝ ስጠይቅ ግን «ከተፈጥሮዎ ጋር ማለቴ ነው» አሉ፤ አመስግኜ ተሰናበትኩ። ሌላዋ ባለሙያ ትንሽ ዝም ብለው «የደወሉት ስለ እንቅልፍ ነው አይደል? እንግዲያው ሲተኙ ነዋ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ ሁለት ወር ሞክረን ለውጥ ካልታየ ዘዴያቸውን እንደሚቀይሩ ወይም ሌላ ሰው እንደሚጠቁሙኝ ነገሩኝ። ከትራንስ ሰዎች ጋር ስላላቸው ልምድ ስጠይቃቸው ጥቂት ደንበኞች እንደነበሯቸው፣ ስለ ሆርሞን ሕክምና ግን የሚያውቁት ትንሽ መሆኑንና ያን ከሐኪም ጋር መነጋገር እንደሚሻል ገለጹልኝ። የማያውቁትን ሳያፍሩ መናገራቸው ቀልቤን ሳበው። ቀጠሮ ያዝኩ።

ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚሠራ በኋላ ሳነብ ገባኝ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቦርዲን እ.ኤ.አ. በ1979 በደንበኛና በባለሙያ መካከል ያለውን ጥምረት በሦስት ነገሮች ገልጾታል፦ በግቡ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራ መስማማት፣ በመካከል ያለው ትስስር። ከመጀመሪያው ባለሙያ ጋር ትስስሩ ክፉ አልነበረም፤ ግባችን ግን ለየቅል ነበር። ደግነት ያንን አይሞላውም።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ባለሙያዋ ምን ብለው እንዲጠሩኝ እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አንድ ጊዜ ተሳስተው «አንተ» አሉ፤ ወዲያው «አንቺ፤ ይቅርታ» ብለው ወሬያችንን ቀጠሉ። ረጅም ማብራሪያ፣ ረጅም ጸጸት አልነበረም፤ እኔም እሳቸውን ማጽናናት አላስፈለገኝም። እዚህ ላይ ስህተቱ አይደለም የሚመዘነው፤ ከስህተቱ በኋላ ያለው ነው።

እውነተኛውን ልዩነት ያየሁት ፍርሃቴን ስንመረምር ነው። ወረቀት አውጥተው መሃሉን በመስመር ከፈሉት፤ በአንድ በኩል በእርግጥ ነገር የደረሰብኝን ቦታዎች፣ በሌላው በኩል ምንም ሳይደርስብኝ የምሸሻቸውን እንድጽፍ አደረጉኝ። ተከራይቼ ስኖር የተሰደብኩበት ደረጃ በግራ፣ ማንም የማያውቀኝ ቤተ መጻሕፍት በቀኝ ሆነ። በቀኝ በኩል ያሉትን ቀስ በቀስ ተለማመድናቸው። በግራ በኩል ያሉትን ግን «ፍርሃትሽን ተጋፈጪው» አላሉኝም፤ በዚያ ማን አብሮኝ ሊሄድ እንደሚችል፣ በየት በኩል መውጣት እንደምችል ነው የተነጋገርነው። ኢላን ሜየር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 በጾታዊ ዝንባሌያቸው አናሳ የሆኑ ሰዎች ከመገለልና ከጥላቻ የተነሳ ስለሚሸከሙት ተጨማሪ ጭንቀት ጽፎ ነበር፤ ሌሎች ተመራማሪዎችም ሐሳቡን በ2012 ወደ ትራንስ ሰዎች አስፍተውታል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ትክክለኛ ጥንቃቄዬን እንደ ሕመም ሊያክመው ይችል ነበር። ለእንቅልፉ ደግሞ የታወቀውን መንገድ ተከተልን፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል ከአልጋ መውረድ። አሰልቺ ነው፤ ይሠራል።

ሁለት ነገሮችን በጊዜ መነጋገራችን ጠቅሞናል። አንደኛው የማስተማር ድካም ነው። ስለ ራሴ የሚጠይቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ፤ ስለ ትራንስ ሰዎች በአጠቃላይ የሚነበበውን ግን በራሳቸው ጊዜ እንዲያነቡ ተስማማን፣ የምከፍልበት ሰዓት የእኔ ነውና። ሁለተኛው የድጋፍ ደብዳቤ ጉዳይ ነው። አካልን ከጾታ ማንነት ጋር ለሚያስማማ ቀዶ ሕክምና ከሥነ ልቦና ባለሙያ ደብዳቤ በሚጠየቅበት ቦታ ደብዳቤውን የሚጽፈው የማማክረው ሰው ራሱ ከሆነ ጥርጣሬዬን አፍ ሞልቼ መናገር ያስፈራኛል፤ ዛሬ ያመነታሁበት ነገር ነገ መከልከያ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። ስለዚህ ደብዳቤ ቢያስፈልግ በሌላ ባለሙያ እንዲጻፍ ወሰንን። በትራንስጀንደር ሰዎች ጤና ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ስምንተኛ መመሪያ የሥነ ልቦና ምክር የሕክምና ቅድመ ግዴታ እንዳይሆን ይመክራል፤ ብዙ ተቋማት ግን አሁንም ይጠይቃሉ። አስቀድሞ መጠየቅ አይጎዳም።

የማይስማማችሁን ባለሙያ ለመተው ምክንያት ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። እኔ ለመጀመሪያው ባለሙያ የላክሁት መልእክት «ለጊዜዎ አመሰግናለሁ፤ ከዚህ በኋላ ቀጠሮ አልይዝም» የሚል ብቻ ነው። ፊት ለፊት መሰናበት የሚከብደው ሰው በጽሑፍ ቢያደርገው ነውር የለበትም።

በአቅራቢያችሁ የሚታመን ሰው ከሌለ በቪዲዮ የሚሠሩ አሉ፤ የባለሙያው ፈቃድ እናንተ ባላችሁበት ቦታ የሚያገለግል መሆኑን ጠይቁ። ሕይወታችሁን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ምርጫውን ሁሉ አቆዩትና ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ወይም ለድንገተኛ ሕክምና ክፍል ንገሩ። በዚያ ሰዓት ስለ ጾታ ማንነታችሁ አንዲት ቃል መናገር ግዴታችሁ አይደለም፤ «ራሴን ልጎዳ እችላለሁ፣ ብቻዬን መሆን የለብኝም» ማለት ይበቃል።