ጭኮ ይዞ የሄደው ልጄ

የደብረ ብርሃን ጓደኞቼ የሚደውሉልኝ ቡና ላይ ሲሆኑ ነው። ካሜራውን ወደ ጀበናው ያዞሩታል። ፈንዲሻውን ያሳዩኛል። ይሄ ራሱ ግፍ ነው፤ ለምጄዋለሁ። ሰሞኑን አንዷ የልጄን ፎቶ አይታ «ምነው ከሳ? ምግብ በሞላበት አገር ልጅ ይከሳል እንዴ?» አለችኝ። ሌላዋ ከኋላ ሆና «ሳንዱች አትሰጪውም?» አለች። «ሳንዱችማ እምቢ አለ» ስላቸው ተያይተው ሳቁብኝ። እነሱ የሚያውቁት ሳንዱች እኮ ትኩስ ዳቦ ውስጥ እንቁላል በቃሪያ ተጠብሶ የገባበት ነው። እሱንማ እኔም ባገኘሁ!

እስቲ የምኖርበትን አገር፣ የኖርዌይን ምሳ ልንገራችሁ። በስሱ የተቆረጠ ጥቁር ዳቦ ነው። ላዩ ላይ አንድ ነገር ጣል ይደረግበታል፤ ቡናማ ጣፋጭ አይብ፣ የተፈጨ ጉበት፣ ወይም እንደ ጥርስ ሳሙና ከቱቦ ተጨምቆ የሚወጣ የዓሣ እንቁላል። ሁለተኛ ዳቦ አይከደንበትም። እንዳይጣበቅ መሃል መሃሉ ወረቀት ይገባና ሣጥን ውስጥ ይደረደራል። በቃ። ቀዝቃዛ ነው። ሐኪሙም፣ የቧንቧ ሠራተኛውም፣ የ2 ዓመት ሕፃኑም ረፋድ ላይ አምስት ሰዓት ገደማ ይቺኑ ከፍቶ ይበላል። ትኩስ ምግብ የሚቀርበው ሁሉም ከሥራ ሲመለስ፣ ወደ አሥርና አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከነዳጅ ባገኘው ገንዘብ በዓለም ትልቁን የመንግሥት ተቀማጭ ያከማቸ አገር፣ ምሳው ደረቅ ዳቦ! እኛ ደኸየን ብለን እንኳ ለምሳ ሽሮ እናሞቃለን።

ሥርዓታቸውን ግን አልንቅም። የዳቦው ከረጢት ላይ አራት ቦታ የተከፈለ ክብ ታትሟል። ያልተፈተገው እህል በበዛ ቁጥር ክቡ እየሞላ ይሄዳል፤ ከ75 በመቶ ካለፈ ጢም ብሎ ይሞላል። እናቶች ሱቅ ውስጥ ከረጢት እያገላበጡ ክብ ያያሉ። እኔም እያገላበጥኩ ገዛሁ።

ልጄ ክብ አያነብም። የተቀባውን ይልስና ዳቦውን መልሶ ሣጥኑ ውስጥ በክብር ያስቀምጠዋል። ከመዋለ ሕፃናት ሲመለስ ማታ ሣጥኑን ስከፍተው የተላሰ ዳቦ ተደርድሮ አገኛለሁ። ቡናማውን አይብ የቀመሰ ቀን ያየኝ አስተያየት ደግሞ! ምን በደልኩህ እያለኝ ነው።

እናቴ መንዝ ናት። በስልክ ስነግራት «ቀዝቃዛ ዳቦ ለሕፃን? ሆዱን ሊነፉት ነው?» አለች። የመዋለ ሕፃናቱ ልጆች ከምሳ በኋላ ውጭ፣ በዚያ ብርድ፣ ጋሪ ውስጥ ተሸፋፍነው እንደሚተኙማ ምኑን ብዬ ልንገራት? እዚህ ለጤና ነው ይሉታል። እሷ ዘንድ በርኖስና ባና የሚሠራው ሰው ከብርድ እንዲተርፍ ነው። እኔ ራሴ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያደግኩ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ «ብርድ አታውቂም» ሲሉኝ ያናድደኛል። ግን እንቅልፍ የያዘው ልጅ አውጥቶ ማስተኛት... እሱን ይቅር ይበለን።

ወደ ጭኮው ልምጣ።

እናቴ በሶ ላከችልኝ። የመንዝ ገብስ፣ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ። ሻንጣው ሲከፈት ሽታው ኩሽናውን ሞላው። ጨዉን ለልጅ ብዬ ቀነስ አድርጌ በንጥር ቅቤ ለወስኩት። ልጄ ቀመሰና «ሌላ!» አለ። ይህ ልጅ «ሌላ» ብሎ የሚያውቀው ለአይስክሬም ብቻ ነው። በማግስቱ ድብልብል ድብልብል አድርጌ ምሳ ዕቃው ውስጥ ደረደርኩለት። ከጎኑ የተላጠ ብርቱካን። አያቶቻችን በሶ ሰንቀው ስንት ዘመቻ ወጥተዋል፤ አንድ መዋለ ሕፃናት ያቅተዋል? ብዬ ላክሁት።

ቀትር ሳይሆን ስልክ ተደወለ። በሥራ ሰዓት ከመዋለ ሕፃናት ሲደወል እናት ሆዷ ይላወሳል። ሴትዮዋ ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው። መጀመሪያ አመሰገነችኝ።

«ለምኑ?»

«ለእጅ ሥራ ሰዓት ሊጥ ስለላክሽልን። ልጆቹ በጣም ወደዱት። የአንቺ ልጅ ግን እየበላው አስቸገረን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር ከዱቄት፣ ከውኃና ከብዙ ጨው ሊጥ ያቦካሉ። ልጆች ቅርጽ ይሠሩበታል፤ በምድጃ ይደርቃል፤ ለገና ዛፍ ጌጥ ይሆናል። አይበላም። ጨዉ ስለሚበዛ ሕፃን ቢውጠው አደጋ ነው። ጭኮዬን ያ መስሏቸዋል። እናም ከልጄ አፍ ነጥቀው፣ አፉን አጥበው፣ ለክፍሉ ልጆች አከፋፈሉት።

«ምግብ ነው» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «የቱ?» አለች።

ከሥራዬ ፈቃድ ጠይቄ በረርኩ። ጠረጴዛውን ከበው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የእናቴን በሶ እየዳመጡት ደረስኩ። አንዷ ድመት ሠርታለች። አንዱ በብስኩት መቁረጫ ልብ ልብ እያደረገ ያወጣዋል። አንዱ ደግሞ የበረዶ ሰው አቁሞ ሆዱ ላይ አዝራር ተክሎለታል። ክፍሉ በሙሉ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። ልጄ ጥግ ይዞ ያለቅሳል። ሊያባብሉት ፊቱ ያስቀመጡለት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዳቦ በቡናማ አይብ!

የበረዶውን ሰው ጭንቅላት ቀንጥሼ ፊታቸው በላሁት። ማስረጃ ነዋ፤ ሌላ ምን ላሳያቸው? ክፍሉ ጭጭ አለ። ድመት የሠራችው ልጅ ግን ነገሩ ገብቷታል፤ የድመቷን ጆሮ ቆርሳ ዋጥ አደረገች። አስተማሪዋ ዘላ ከእጇ ነጠቀቻት። የልጅቷ እናት አልፈቀደችማ!

በዚህ አላበቃም። ወዲያው ከኃላፊዋ ጋር ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። ምን ምን አለበት? ገብስ፣ ቅቤ፣ ኮረሪማ፣ ትንሽ ጨው። «በስንት ዲግሪ ነው የሚጋገረው?» አይጋገርም። «እንግዲያው ጥሬ ነው?» ጥሬ አይደለም፤ ገብሱ የሚፈጨው ተቆልቶ ነው። «ታዲያ መቼ ነው የሚጋገረው?» ለመኖሪያ ፈቃድ ቃለ መጠይቅ ስቀርብ እንኳ እንደዚህ አላላበኝም። ስደተኛ እናት ደግሞ ስለ ልጇ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ስታይ የሚመጣባት ሌላ ነው። ሊወስዱብኝ ነው ብላ ነው የምታስበው። ሴትዮዋ ግን ጨዋ ናት፤ ሲገባት ይቅርታ ጠየቀች። ጨዋነቷ ባይበዛ ጥሩ ነበር፤ ለወላጆች ሁሉ «ልጆቻችሁ ዛሬ ሳናውቅ የሰው ምግብ ጠፍጥፈዋል» የሚል መልእክት ላከችላቸው። አሁን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የማላውቃቸው እናቶች ፈገግ ይሉልኛል። ሊጥ የላከችው ማለት እኔ ነኝ።

የሚያስቀው፣ እነሱም ገንፎ በላተኞች ናቸው። ገና ሲቃረብ ወላጆችን ጠርተው በወተት የተሠራ የሩዝ ገንፎ አበሉን። መሃሉ ላይ ቅቤ ተደርጎ፣ ቀልጦ ኩሬ ሠርቷል። የበርበሬው ቦታ ላይ ቀረፋና ስኳር ነው ያለው፤ እሱን እለፉት። ልጄ ማንኪያ አልጠበቀም። ከዳር እየቆረሰ፣ መሃሉ ካለው ቅቤ እያጠቀሰ፣ ሳህኑን ጨረሰው። ማን እንዳሳየው እንጃ። አስተማሪዎቹ «ባህላችንን ቶሎ ለመደ!» ብለው አጨበጨቡለት። የማንን ባህል? ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ በዓል ነው ብዬ ተውኩት።

አሁን ምን ይበላል ላላችሁኝ፣ መዋለ ሕፃናቱ ምግብ አያሞቅልህም፤ ስለዚህ አፉ ሰፊ የሆነ የምግብ ቴርሞስ ገዛሁ። ጠዋት የፈላ ውኃ ሞልቼ አቆየዋለሁ፤ ደፍቼ ምግቡን በትኩሱ እገለብጥበታለሁ። ቅንጬ ይወዳል። የተፈተገ ገብስ እዚህም ሱቅ ሞልቷል፤ እነሱ ሾርባ ውስጥ ይጨምሩታል። አልጫ ሽሮ ፍትፍትም ይሄዳል። ምስር በሩዝም። ቴርሞሱ ሲሰለቸው እንጀራ ላይ እንቁላል ዘርግቼ እጠቀልልና በጣቱ ልክ እቆርጥለታለሁ። እንጀራ ሲያልቅብኝ ደግሞ ከድንች የሚሠሩት ስስ ለስላሳ ቂጣ አላቸው፤ አይብ ቀብቼ ስጠቀልለው እንጀራ መስሎት ይበላዋል። እኔም አላርመውም። ጭኮውም መሄዱን አላቆመም፤ ክዳኑ ላይ በትልቁ «ይህ ምግብ ነው» የሚል ለጥፌበታለሁ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ መዝናው ደህና ነው አለች። በዚህ ዕድሜ ልጅ አዲስ ምግብ መጠራጠሩ የተለመደ ነው፤ አንዳንዱን ምግብ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ሲቀርብለት አይቶ ነው የሚቀምሰው አለችኝ። ወተት አታብዢበት፤ በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ሆዱን ይዘጋዋል። የሚቀርበውን አንቺ ምረጪ፣ መጠኑን ለእሱ ተዪለት፤ አታባርሪው። አታባርሪው! እኛ አገር ልጅ የሚበላው ተባርሮ አይደል? እናቴ ጉርሻ ይዛ ከበግ በረቱ እስከ ጎታው ሥር እየተከተለች ነው ያሳደገችን። ነርሷ ያንን ብታይ ወረቀት ታወጣለች። እናቴ ደግሞ ነርሷን ብትሰማ «ልጅ መጠኑን ካወቀ እናት ለምን ተፈጠረች?» ትላለች። እውነቱን ለመናገር ሳላባርረው ነው የሚበላው። ይህን ለእናቴ የነገረ ሰው ግን ወዳጄ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ነርሷም አታውቀው። እኛ ሠፈር ቤቱ እምቢ ያለ ልጅ ጎረቤት ይገባል። እዚያ ከልጆቹ ጋር ትሪ ከብቦ፣ ከእጃቸው እየተሻማ፣ ያንኑ እምቢ ያለውን ሽሮ ይበላል። ማንም ምግብ አልበላ አለ ብሎ አይጨነቅም። እዚህ ትሪ የለም። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሣጥን ከፍቶ የራሱን ብቻ ይበላል፤ ከጓደኛው መቅመስም አይፈቀድለትም፤ አለርጂ አለ። ልጄ ያጣው እንቁላል በቃሪያውን አይመስለኝም፤ የሚሻማውን ሰው ነው።

ስለዚህ ልጅ ይዛችሁ ልትመጡ ያሰባችሁ የሸዋ እናቶች፣ ስሙኝ። ደላላው ስለ ደሞዝ ይነግራችኋል፤ ስለ ምሳ ዕቃ አይነግራችሁም። ልጃችሁን ከመነሳታችሁ በፊት ቀዝቃዛ ምግብ አስለምዱት፤ አያቱ ብትቆጣም ትቆጣ። ደግሞ ዘመድ ከደብረ ሲና የሚልክላችሁን ቆሎ ለራሳችሁ ብሉት፤ ምሳ ዕቃ ውስጥ እንዳትከቱት። ቆሎም ኦቾሎኒም ለትንሽ ልጅ ጉሮሮ አደጋ ነው። ወይን እንኳ በቁመቱ ተሰንጥቆ ነው የሚሰጠው። የማይታወቅ ምግብ ስትልኩም አስቀድማችሁ ለአስተማሪዋ አሳዩ፣ አቅምሷት። የቀመሰች ሴት የበረዶ ሰው አትሠራበትም።

ቅቤ አትያዙ። ከአውሮፓ ውጭ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ያን ሁሉ መንገድ የተሸከማችሁትን ንጥር ቅቤ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገባ ቆሞ ማየት ለጠላትም አይስጥ። ቅመሙን ብቻ ያዙ፤ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ። ቅቤውን እዚህ ግዙና አንጥሩት። መደርደሪያው ላይ ያለው ብዙው ጨው አለበት፤ ጨው የሌለበትን ፈልጉ። ስታነጥሩ መስኮቱን ክፈቱ፣ የኩሽናውን በር ዝጉ። ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማንቂያ የሚቃጠል ቤትና የሚነጠር ቅቤ አይለይም፤ እኛ ፎቅ ላይ ሲጮህ ደግሞ ሕንፃው በሙሉ በፒጃማ ነው የሚወጣው።