ኪቶ ላይ ሕዝቡ ሬዲዮ ጣቢያውን ያቃጠለ ዕለት

ሰሞኑን ስለ ድሮ የሬዲዮ ድራማዎች ሳነብ ከረምኩ። ከሁሉም የደቡብ አሜሪካዋ አገር የኢኳዶር ታሪክ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው፣ የካቲት 5 ቀን 1941 ዓ.ም.፤ በፈረንጆቹ 1949 መሆኑ ነው። በዋና ከተማዋ ኪቶ ሰዉ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሬዲዮ ኪቶን ሙዚቃ ያዳምጣል። ድንገት ዘፈኑ ተቋረጠ። አስቸኳይ ዜና አለ፦ ከማርስ የመጡ ፍጡራን መሬት አርፈዋል፣ የላታኩንጋ ከተማ ወድማለች፣ ጠላት ወደ ኪቶ እየገሰገሰ ነው። ቀጥሎ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሕዝቡ እንዲረጋጋ ሲጠይቁ ተሰሙ። ከዚያ ከንቲባው ገቡ። ሴቶችና ሕፃናት ወደ ተራራው ይውጡ፣ ወንዶች ከተማችሁን ለመከላከል ተዘጋጁ አሉ። ሚኒስትሩም ከንቲባውም ተዋንያን ነበሩ።

ሰዉ በሌሊት ልብሱ ጎዳና ወጣ።

ጣቢያው ነገሩ እንዳመለጠው ሲገባው “ድራማ ነው፣ ተረጋጉ” ብሎ ለፈፈ። እኔን የያዘኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ሕዝቡ ሞት መጣብኝ ብሎ ሲሸበር ማንንም አልነካም። ድንጋይ ያነሳው ደህና መሆኑን ካወቀ በኋላ ነው። ጣቢያው የነበረበት ሕንፃ የታዋቂው ጋዜጣ የኤል ኮሜርሲዮም ቤት ነበር። መጀመሪያ ድንጋይ ዘነበበት፣ ከዚያ እሳት ለቀቁበት። ወረቀትና ቀለም የሞላበት ማተሚያ ቤት እንዴት እንደሚነድ አስቡት። ውስጥ ከነበሩት የተወሰኑት በጓሮ በኩል አመለጡ፣ የተወሰኑት ከላይኛው ፎቅ ዘለሉ፣ ሌሎቹ ሞቱ። ፖሊስና ወታደር ቶሎ አልደረሰላቸውም። ለምን ቢባል፣ ከከተማዋ ሰሜን ወዳለችው ኮቶኮያዎ ከማርስ ሰዎች ጋር ሊዋጉ ሄደው ነበር።

እንግዲህ መንግሥት ራሱ አምኖ ጦር አዝምቷል። ስለዚህ አንዳንዱ ይህን ታሪክ ሲያወራ “የዋህ ሕዝብ” እያለ ሲስቅ ያናድደኛል። ያ ሰው በምን ያጣራ? ሚኒስትሩን ሰምቷል፣ ከንቲባውን ሰምቷል። ኢኳዶር ከፔሩ ጋር የተዋጋችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1941 ነው፤ ገና ስምንት ዓመት አልሞላውም። ወረራ ለኪቶ ሰው ተረት አልነበረም።

እኔ ባደግኩበት ቤት የዜና ሰዓት ሲደርስ ልጅ አያወራም። ጎረቤት “ሬዲዮ ምን አለ?” ብሎ ይጠይቃል፣ ሬዲዮ ካለው አለቀ። ለዚህ ነው የኪቶን ሰው ንዴት የምረዳው። ቃጠሎውን ግን በምንም መንገድ አልደግፍም። የሞቱት ሥራቸው ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ኪቶዎች ሐሳቡን ያመጡት ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1938 ተዋናይና አዘጋጅ የነበረው ኦርሰን ዌልስ በሲቢኤስ ሬዲዮ ያንኑ የማርስ ወረራ አቅርቦ ነበር፣ የወረራው ቦታ ኒው ጀርሲ። ልዩነቱ፣ የዌልስ ዝግጅት ሲጀምር ድራማ መሆኑ ተነግሯል። ይህን ሳይሰማ የቀረው ዘግይቶ ሬዲዮውን የከፈተው ሰው ነው። በማግስቱ ጋዜጦች አገሩ ሁሉ እንደተሸበረ አድርገው ጻፉ፤ ይህ በጣም የተጋነነ ነው። ያን ምሽት በስልክ ከተጠየቁት አድማጮች ያንን ዝግጅት እየሰማን ነው ያሉት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጋዜጦቹም የማስታወቂያ ገቢያቸውን እየወሰደ ባለው ሬዲዮ ላይ ቂም ነበራቸው። ቢሆንም በእውነት የደነገጡ ነበሩ። ገርሞኝ ደጋግሜ ያነበብኩት፣ ከደነገጡት ብዙዎቹ የማርስ ሰው መጣ ብለው አለማሰባቸው ነው። ጀርመን ወረረን ነው ያሉት። ከአንድ ወር በፊት፣ ሂትለር የቼኮስሎቫኪያን መሬት ጠይቆ አውሮፓ ለጦርነት በተቃረበችበት በሙኒክ ቀውስ ጊዜ፣ ዝግጅት እየተቋረጠ እውነተኛ የጦርነት ወሬ ሲነገራቸው ከርሟል።

እንግሊዞችም ቀደም ብለው ቀምሰውታል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1926 ሮናልድ ኖክስ የተባሉ ቄስ በቢቢሲ ሬዲዮ፣ በለንደን ከተማ ዓመፅ ተነስቶ ታዋቂው የሰዓት ማማ ቢግ ቤን ፈረሰ የሚል ቀልድ አቀረቡ። በማግስቱ በረዶ ጥሎ ጋዜጣ ወደ ገጠር ዘገየ። የፈራው ሰው ማጣሪያ አጣ።

የሬዲዮ ድራማ እወዳለሁ። ድምፅ ብቻ ይዞ ከተማ የሚሠራ ጥበብ ነው፣ አድማጭን ማስደንገጥም መብቱ ነው። የማርስ ፍጡራኑ ቢመጡ ምንም ቅር አይለኝም። ከንቲባውን አስመስሎ ሴቶችና ሕፃናትን በጨለማ ወደ ተራራ ውጡ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው ያንን ድምፅ የሚታዘዘው አንድ ቀን እውነተኛ አደጋ ሲመጣ ሕይወቱን እንዲያተርፍበት ነው።

የኪቶው ድራማ አዘጋጅ ሊዮናርዶ ፓዬዝ ኋላ አገሩን ለቆ ቬንዝዌላ ገባ። ሬዲዮ ኪቶ ወደ አየር የተመለሰው ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። የመጀመሪያውን ዜና ያነበበውን ሰው ባገኘው፣ ማን አምኖ እንደሰማው እጠይቀው ነበር።